ወርቅ ቅብ ሰዓት በጥርስ ሳሙና አይፈተግም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ መጣች። ከቦርሳዋ በሶፍት የተጠቀለለ ሰዓት አወጣች። «ጋሼ፣ አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ።

ሶፍቱን ፈታሁት። ፖልዮት ነው። በአንደኛው የሞስኮ ሰዓት ፋብሪካ የተሠራ ስስ፣ ወርቅ ቅብ የወንድ ሰዓት። አባቷ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ እጃቸው ላይ አድርገውት የመጡት ነው። እሳቸው አርፈዋል። ልጅቷ ለወንድሟ ሠርግ ላድርስለት ብላ አጸዳችው። አሁን ጠርዞቹ ሮዝ ሆነዋል። ማሰሪያውን የሚይዙት የአራቱ ጆሮዎች ጫፍ ተገልጧል። መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ይዟል።

በምን እንዳጸዳችው ጠየቅኳት። አንድ ጽሑፍ አሳየችኝ።

ጽሑፉ የወየበ ወርቅ ቅብ ሰዓትን ቤት ውስጥ በአምስት ደቂቃ አዲስ ማድረግ ይቻላል ባይ ነው። የሚመክረው በአጭሩ ይህን ነው። የሚጠቁር ሰዓት ሐሰተኛ ስለሆነ ብዙ አትጨነቁለት። በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ ፈትጉት። ካልለቀቀ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ዘፍዝፉት። ጀርባው ላይ 30 ሜትር የሚል ካለ ቧንቧ ሥር እጠቡት። ሲደርቅ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቀቡት። ስታወልቁት ጥረጉት፣ ሽቶ አታስነኩት። ወርቁ ካለቀ ደግሞ ወርቅ ውኃ አስነክሩት፣ እንደ አዲስ ይሆናል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱ ትክክል ነው። የመጨረሻው ግማሽ እውነት አለው። የቀሩት ሰዓት ያበላሻሉ። ጸሐፊው በክፋት የጻፈው አይመስለኝም። ግን ይህን አንብቦ የአባቱን ሰዓት የሚፍቅ ሰው ይኖራልና ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሚጠቁር ሰዓት ሐሰተኛ ነው ከሚለው ልጀምር። የቀረው ስህተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ወርቅ አይዝግም። አየርም፣ ውኃም፣ ላብም አይለውጠውም። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። ግን ወርቅ ቅብ ሰዓት ሁለንተናው ወርቅ ነው ተብሎ አልተሸጠም። ከሥር ሌላ ብረት አለው። በድሮ ሰዓቶች ላይ ብዙውን ጊዜ ነሐስ ነው፣ ማለትም መዳብና ዚንክ። በነሐሱና በወርቁ መካከል ብዙ ጊዜ ስስ የኒኬል ንጣፍ ይገባል። ላይኛው ወርቅም ራሱ ንጹሕ ላይሆን ይችላል። እንዲጠነክር ወይም ቀለሙ እንዲያምር መዳብ ወይም ብር ይቀላቀልበታል።

የሚጠቁረው እንግዲህ በዋነኛነት መዳቡ ነው። አንድም ወርቁ ውስጥ የተቀላቀለው፣ አንድም ከሥር ያለው። ስስ ቅብ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። የላብ ጨው በእነሱ በኩል ወደ ነሐሱ ይደርሳል። ከዚያ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሆኖ ተመልሶ ይወጣል። ይህ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። የተሠራበት ዕቃ ጠባይ ነው።

የቅቡ ልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ላይ ተቀርጿል። ማንበብ ነው የሚያስፈልገው። በሶቪየት ሰዓቶች ላይ ኤዩ 20፣ ኤዩ 10 ወይም ኤዩ 5 የሚል ታገኛላችሁ። ኤዩ የወርቅ ኬሚካዊ ምልክት ነው፣ አውሩም ከሚለው የላቲን ስም የመጣ። ቁጥሩ የቅቡ ውፍረት ነው፣ በማይክሮን። የስዊስ ሰዓቶች ፕላኬ ብለው 10 ወይም 20 ማይክሮን ይጽፋሉ። አሜሪካ ያላችሁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የምትገዟቸው ሃሚልተን፣ ኤልጂን ወይም ቡሎቫ ላይ ጎልድ ፊልድ የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። እሱ በኤሌክትሪክ የተነከረ አይደለም። የወርቅ ቆርቆሮ በሙቀትና በግፊት ከነሐስ ጋር የተጣበቀበት ነው፤ ስለዚህ ከተራ ቅብ በጣም ይወፍራል።

አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር ከ50 እስከ 100 ማይክሮን አካባቢ ይወፍራል። ስለዚህ ጥሩ የሚባለው ኤዩ 20 እንኳ ከአንድ ፀጉር በብዙ ይቀጥናል። አሁን በርካሽ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞሉም። እስቲ አብረን እናስላ። የአንድ ሰዓት አካል የውጭ ገጽ 15 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በ20 ማይክሮን ሲሸፈን፣ ንጹሕ ወርቅ ቢሆን እንኳ፣ ከግማሽ ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። በግማሽ ማይክሮን ሲሸፈን ከ0.015 ግራም አይበልጥም። ሰዓታችሁ ላይ ያለው ወርቅ ይኸው ነው። ሌላ ክምችት የለም።

ይህችን ግማሽ ግራም ፍለጋ በሩሲያና በቀድሞዎቹ የሶቪየት አገሮች ቢጫ የሰዓት አካል የሚሰበስቡ ገዢዎች አሉ። ወርቁን ለማውጣት አካሉን ያወድሙታል። ደህና ሲሠራ የነበረው ማሽን ራቁቱን ተነጥሎ ይቀራል። እንዲህ ያለ ማሽን ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል። እና ያንን ወርቅ እኛ ደግሞ በገዛ እጃችን፣ በብሩሽ፣ ቧንቧ ውስጥ እናፈሰዋለን።

ይኸው ወደ ጥርስ ሳሙናው ደረስን።

ጸሐፊው ጥርስን የማይጎዳ ነገር ሰዓትን አይጎዳም ይላል። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን የጥርስ ገለፈት ከወርቅ በጣም ይጠነክራል። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ ገለፈት ወደ 5 ገደማ ነው። ወርቅ ከ2.5 እስከ 3። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደግሞ የሚፍቅ ዱቄት አለ፣ ካልሲየም ካርቦኔት ወይም ሲሊካ። የተሠራው ሊፍቅ ነው። ለጥርስ የለሰለሰ ለወርቅ ቅብ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ከሥራዬ አንድ ማስረጃ ልስጣችሁ። በድሮ ሰዓቶች ላይ ያለው መስታወት ብዙ ጊዜ መስታወት አይደለም፣ አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው። ጭረት ሲበዛበት እኛ ጠጋኞች በማለስለሻ ቅባት እናሸዋለን። የጥርስ ሳሙናም ይህንኑ ይሠራል። ጭረቱ ይጠፋል። ለምን ይጠፋል? በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ተፍቆ እኩል ስለሚሆን ነው። ፕላስቲኩ አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይወፍራልና ይችለዋል። አንድ ሚሊ ሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ቅቡ 20 ነው። ሰዓቱ ከተፈተገ በኋላ የሚያበራው ወርቁ ስለታደሰ ሳይሆን የላይኛው ቆዳ ስለተነሳ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲፈተግ ሌላ ይነሳል። መጀመሪያ የሚያልቀው ጠርዝና ጫፍ ላይ ነው፤ ብሩሹ እዚያ ላይ ነው ጫን የሚለው።

የብር መወልወያ ጨርቅም ያው ነው። ለቀበቶ ዘለበትና ለነሐስ ቁልፍ የሚሆን የብረት መወልወያም ያው ነው። እንዲያውም አንዳንዶቹ አሞኒያ አላቸው። አሞኒያና ነሐስ ደግሞ የቆየ ጠብ አላቸው። በእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ዘመን ሕንድ ውስጥ ወታደሮች የነሐስ ጥይት በፈረስ በረት አጠገብ ያከማቹ ነበር። የዝናቡ ወራት ሲመጣ ቀለሃዎቹ በራሳቸው እየተሰነጠቁ አስቸገሩ። ቆይቶ እንደታወቀው ምክንያቱ ከፈረስ ሽንትና ፍግ የሚወጣው አሞኒያ ነበር። ሲሠራ ውስጡ ውጥረት የቀረበትን ነሐስ ይሰነጥቃል። ለመስኮት መስታወት ማጽጃ የሚሸጡ አንዳንድ ፈሳሾች ይህንኑ አሞኒያ ይዘዋል። ሰዓት ላይ አትርጩት።

ሎሚውና ሶዳው ሌላ ጉዳት አለው። እዚህ ላይ የልጅቷን ሰዓት ሮዝ ጠርዝ አስታውሱ። ሎሚ ሲትሪክ አሲድ ነው። ወርቁን አይነካውም፣ ልክ ነው። ነገር ግን ቅቡ በሳሳበት በኩል ገብቶ ነሐሱን ያገኘዋል። የነሐስን ገጽ ሲበላ ዚንኩ ቶሎ ይሄዳል። መዳቡ ይቀራል። መዳብ ደግሞ ቀይ ነው። ለዚህ ነው ሮዝ የሆነው። ያ ቆሻሻ አይደለም፤ ታጥቦ አይለቅም። አቼቶም እንዲሁ ያደርጋል፣ ጨው ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል። በነገራችን ላይ ሎሚና ሶዳ ሲቀላቀሉ የሚፈላው አረፋ እያጸዳ ያለ ይመስላል። አሲዱና ሶዳው እርስ በርሳቸው እየተጠፋፉ ነው። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚያጸዳው ነገር የለም።

በረኪናን ጽሑፉ አላነሳውም። ሆኖም ሰው ሲጠቀም አይቻለሁና ልናገር። በረኪና ነሐሱን ይበላል፣ የማይዝገውን የብረት ጀርባ ሳይቀር ያነቁረዋል። ልብስ ስታጥቡም ሰዓታችሁን አውልቁ።

ስለ 30 ሜትሩ። ይህ ስህተት የጸሐፊው ብቻ አይደለም፣ የብዙ ሰው ነው። 30 ሜትር ማለት 30 ሜትር ጠልቃችሁ ትዋኛላችሁ ማለት አይደለም። አዲስ ሰዓት፣ ሳይንቀሳቀስ፣ የዚያን ያህል የውኃ ግፊት ቻለ ማለት ነው። በተግባር ዝናብና የእጅ መታጠብ ፍንጣቂ ይችላል ተብሎ ነው የሚወሰደው። ከቧንቧ በኃይል የሚወርድ ውኃ ሌላ ነገር ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ደግሞ ሌላ። ከውስጥ ውኃ የምትከላከለው ስስ ጎማ ናት። ጎማ ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የዛሬ 10 ዓመት የተጻፈው 30 ሜትር ዛሬ ዋስትና አይሆንም። የ40 ዓመት ስስ፣ ከሙሉ ልብስ ጋር የሚታሰር የክት ሰዓት ደግሞ ከመጀመሪያውም ውኃ እንዲችል አልታሰበም። የልጅቷ ፖልዮት ጀርባ ላይ ስለ ውኃ የተጻፈ ምንም ነገር የለም። ውኃው በመሙያው፣ ማለትም ሰዓቱን በምንሞላበት ቁልፍ፣ በኩል ገባና ጤዛ ሆነ።

ጤዛ ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ሰዓት ሠሪ ውሰዱት። ሩዝ ውስጥ አትቅበሩት። የሩዝ ብናኝ ይጨመርበታል እንጂ ውስጡ የገባውን ውኃ አያወጣውም። ማሽኑ ውስጥ ያሉት የብረት ክፍሎች በቀናት ውስጥ መዛግ ይጀምራሉ።

የጥፍር ቀለሙን በአጭሩ ልለፈው። ለጥቂት ቀን ያበራል። ከዚያ በላብና በእንቅስቃሴ ይላጣል። የተላጠበት ቦታ ዙሪያ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ከታች ያለው ነሐስ በዚያ ይበላል። ፈሳሹ የፕላስቲክ መስታወት ከነካ ደግሞ ያደበዝዘዋል። ኋላ ለማስለቀቅ አሴቶን ስትጠቀሙ መስታወቱ ጨርሶ ይበላሻል። አንድ ነገር ግን አለ። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ቆዳው ስለሚያሳክከው ነው። የሚያሳክከው ብዙ ጊዜ ወርቁ ሲያልቅ ብቅ የሚለው ኒኬል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1994 ቆዳ ከሚነኩ ዕቃዎች የሚወጣውን ኒኬል በሕግ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። ለዚህ መፍትሔው ከሰዓቱ ሥር የሚያልፍ ወጥ የቆዳ ማሰሪያ ነው። ሰዓቱ እላዩ ላይ ይቀመጣል፣ ቆዳችሁን አይነካም። እጃችሁ ላይ አረንጓዴ ምልክት ብቻ ከሆነ የሚታየው አትደንግጡ። የመዳብ ጨው ነው፣ በሳሙና ይለቅቃል።

ትክክል ያልኩት ምክር ስታወልቁት ጥረጉት የሚለው ነው። ጸሐፊው በአንድ መስመር አልፎታል። እኔ ብሆን ጽሑፉን በሙሉ ስለዚህ እጽፈው ነበር።

ሰዎች ወየበ ብለው ከሚያመጡልኝ ወርቅ ቅብ ሰዓት ብዙው አልወየበም። የደረቀ ላብ፣ የቆዳ ቅባት፣ ሎሽንና አቧራ ነው የተለጠፈበት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚሠራው መለየት ነው። ደረቅ፣ ለስላሳ፣ ንጹሕ ጨርቅ ውሰዱ። የመነጽር መጥረጊያው ጥሩ ነው። ሰዓቱ ላይ እፍ በሉበትና ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ከጠቆረና ሰዓቱ ከፈካ ቆሻሻ ነበር ማለት ነው። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ሰዓቱ ከነቀለሙ ከቀረ፣ ወይም ጠርዙ ቀላ ካለ፣ ወይም አረንጓዴ ነገር ከሥር ካበጠ፣ ከሥር ያለው ብረት ብቅ ብሏል ማለት ነው። የመጀመሪያው ይጸዳል። ሁለተኛው አይጸዳም። ምንም ብትቀቡት፣ ምንም ብትዘፈዝፉት። የሄደ ወርቅ በማሸት አይመለስም።

የሚጸዳውን እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ማሰሪያውን አወልቃለሁ። መሙያው እስከ መጨረሻው መገፋቱን አያለሁ። ለብ ያለ ውኃ ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና እጨምራለሁ። ጨርቄን ነክሬ በደንብ እጨምቀዋለሁ፣ ጠብ እስከማይል ድረስ። ሳልጫን እጠርጋለሁ። በንጹሕ ውኃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ እደግመዋለሁ። ከዚያ በደረቅ። በጆሮዎቹ መካከልና በመሙያው ዙሪያ ለደረቀው ቆሻሻ የእንጨት ስቴኪኒ ጫፉን በምራቅ ሳይሆን በውኃ አለስልሼ እጠቀማለሁ። መርፌ አላስጠጋም። የብረት ሰንሰለት ከሆነ ተለይቶ በሳሙና ውኃ ውስጥ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይታሻል፣ ያለ ጥርስ ሳሙናው። የቆዳ ማሰሪያ ውኃ አይነካም። ፀጉር ማድረቂያ አልጠቀምም፤ ሙቀቱ ጎማውንም ዘይቱንም ይጎዳል።

ሽቶና ሎሽን ቀድማችሁ ተቀቡ፣ ሲደርቅ ሰዓቱን እሰሩ። የእጅ ሳኒታይዘርም ያው ነው፤ እስኪተን ጠብቁ። የማታስሩትን ሰዓት ጠርጋችሁ ከጫማና ከመድኃኒት ጋር በምትመጣው የሲሊካ ከረጢት አጠገብ አስቀምጡት። የጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙበት። ጎማ ውስጥ ያለው ድኝ መዳብን ያጠቁራል።

የመጨረሻው ወርቅ ውኃ ማስነከር ነው። ይህ ግማሽ እውነት አለው። ወርቅ በኤሌክትሪክ መንከር የቆየ ጥበብ ነው። ጣሊያናዊው ብሩኛቴሊ በ1805 የቮልታን ባትሪ ተጠቅሞ ሞከረው። በ1840 የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች የሲያናይድ ዘዴውን በፓተንት አስመዘገቡ። ከዚያ በፊት ወርቅ በሜርኩሪ እየተለወሰ በእሳት ነበር የሚለበጠው። ጢሱ ሠራተኞቹን ይመርዝ ነበር። ዛሬም ብዙዎቹ የመንከሪያ ፈሳሾች ሲያናይድ ስላለባቸው የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም።

ጽሑፉ የዘለለው ከመነከሩ በፊት የሚሆነውን ነው። ማሽኑ፣ መስታወቱና ጎማው በሙሉ መውጣት አለባቸው። ከዚያ አካሉ ይወለወላል፤ ወርቅ ጭረትን አይሸፍንም፣ ያሳያል እንጂ። ሲወለወል የሾሉ ጠርዞች ይዶለዱማሉ። ኤዩ 20 የሚለው ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ ከጀርባ የተቀረጸ ስምም ካለ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የሚነክርላችሁን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። ስንት ማይክሮን? ከሥር ኒኬል ታደርጋለህ ወይስ ሌላ? ጽሑፉንና ጠርዙን እንዴት ትጠብቃለህ? ማይክሮኑን የማያውቅ ከሆነ የሚሰጣችሁ ለጥቂት ወር የሚያበራ ስስ ቀለም ነው። ከገበያ የተገዛ ተራ ሰዓት ከሆነ ይሁን። የሰው ትዝታ ያለበት ከሆነ ግን እኔ አልነክረውም።

ልጅቷም ይህንኑ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ እንንከረው?» አለች። የሰዓቱን ጀርባ ከፍቼ ሳልመልስላት ቆየሁ። 17 ድንጋይ ያለው ማሽን ነው፤ ድንጋይ የምንለው ባትሪ ሳይሆን ጥርሶቹ የሚሽከረከሩባቸውን ጥቃቅን የሩቢ ድንጋዮች ነው። ውኃው ብዙ አልቆየም፣ አንዲት ብሎን ላይ ብቻ ዝገት ጀምሯል። «ማሽኑ ይድናል» አልኳት። «ሮዙ ግን እንዲሁ ይቅር። ግራ ጎኑን ተመልከቺ፣ እዚህ የሳሳው በሎሚ አይደለም። በአባትሽ የሸሚዝ እጅጌ ነው።» አየችው። ዝም አለች። ቀጥላ የማሰሪያውን ቀለም መረጠች፣ ቡና ዓይነት።

ማሽኑን ፈትቼ አጥቤያለሁ። ብሎኗን ቀይሬያለሁ። የሎሚው ትራፊ ስንጥቅ ውስጥ እንዳይቀር አካሉን ብቻውን ደጋግሜ በንጹሕ ውኃ አለቅልቄ አድርቄዋለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚያጠፋ እየመዘገብኩ ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ይደርሳል።